በሰናይት ስም የጻፍኩት

ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ እሄዳለሁ፣ እንበረከካለሁ፣ ሰው ማማቴን፣ ጾም መግደፌን፣ ከእናቴ ጋር በስልክ መጨቃጨቄን እዘረዝራለሁ። ቀኖናዬን ተቀብዬ፣ ስግደቴን ሰግጄ እጨርሳለሁ። ይሄኛው ግን አንድም ቀን ከአፌ አልወጣም። አባ "ሌላስ የቀረ አለ?" ሲሉኝ "የለም አባቴ" እላለሁ። እንግዲህ በዋናው ኃጢአት ላይ በየዓመቱ አንድ ውሸት እየጨመርኩበት ነው ማለት ነው።

ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ነው። ድፍረት እንዳይመስላችሁ።

ነገሩ ሲሰሙት ሊያስቅ ይችላል። ሰው የበደልኩት በሥዕል መጽሐፍ ምክንያት ነው። ማንጋ የሚባለው፣ ጃፓኖች የሚሠሩት፣ ከኋላ ወደ ፊት የሚነበበው። እንዲያውም በመጽሐፉም አይደለም፤ ስለ መጽሐፉ ኢንተርኔት ላይ በጻፍኩት አስተያየት ነው። ኮሜንት። በኮሜንት ምክንያት የሰው ኑሮ ይበላሻል ቢሉኝ እኔም አላምንም ነበር።

ያኔ የምኖረው ለንደን፣ ኬኒንግተን፣ የእናቴ ወንድም ጋሼ ዓለሙ ቤት ነበር። ጋሼ ባለቤታቸው የሞቱባቸው፣ አገር ቤት እንግሊዝኛ ያስተምሩ የነበሩ፣ ቤተ ክርስቲያን ኮሚቴ ውስጥ ቃላቸው የሚሰማ ሰው ነበሩ። እኔ ለትምህርት መጥቼ፣ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ወንድሜ ሲታሰር ጥገኝነት አፕላይ አደረግኩ። ጋሼ ደብዳቤ ጻፉልኝ፣ ቀርበውም መሰከሩልኝ፣ ፈቃዱን አገኘሁ። ይሄን ልብ በሉልኝ። እኔ ወረቀት ነበረኝ።

ሰናይት ከኔ በኋላ መጣች። የሰፈሬ ልጅ ናት፣ አንድ ክፍል ተምረናል። አባቷ በምርጫው የተቃዋሚ ታዛቢ ነበሩ። በኋላ ፖሊስ በጠራራ ፀሐይ ከቤታቸው ሲወስዳቸው እሷንም አብሮ ወሰዳት። ጋሼ ያን ሰሞን ምርጫውን ለማየት ብለው አገር ቤት ገብተው፣ እኛ ቤት አርፈው ነበር። ከነሰናይት ቤት ጋር በሚያዋስነን አጥር በኩል ሁሉንም አይተዋል። በለንደን ከተማ የሰናይትን መታሰር በዓይኑ ያየ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። እሷ ከተለቀቀች በኋላ ለንደን መጥታ፣ ክሮይደን የስደተኞች ቢሮ ኢንተርቪው አድርጋ፣ ሪፊውዝ ተደርጋ፣ አፒሏን፣ ይግባኟን ማለቴ ነው፣ እየጠበቀች ነበር። ሶሊሲተሯ፣ ጠበቃዋ ማለት ነው፣ "ያየው ሰው ቀርቦ ከመሰከረልሽ ተስፋ አለሽ፤ አለዚያ የለሽም" ብሏታል። ጋሼም "እኔ እያለሁ ማን ይነካሻል" ብለው እኔ ክፍል ውስጥ ሁለተኛ አልጋ አስገቡላት።

አንድ ቅዳሜ ኪልበርን ለገበያ ወጥተን ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ቻሪቲ ሾፕ ገባን። ሰናይት ኮት ስትለካ እኔ መጽሐፍ መደርደሪያው ጋ ቆምኩና ሁለት ወንዶች ሰይፍ ይዘው ጀርባ ለጀርባ የቆሙበት መጽሐፍ አነሳሁ። የድብድብ መስሎኝ ነው የገዛሁት። ድብድብም ነው። አንዱ የወደብ ሹም ጠባቂ ነው፤ ሌላው ዕቃ በድብቅ የሚያሻግር፣ እኛ ሽፍታው የምንለው ሰው ነው። ጠባቂው ሽፍታውን እንዲገድል ይላካል፣ ሳይገድለው ይቀራል፣ ከዚያ ሁለቱም ይሳደዳሉ። አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ይሳሳማሉ። ሰናይት እዚያ ስትደርስ "ኧረ በስመ አብ" ብላ መጽሐፉን ወረወረችው። ትንሽ ቆይታ ከወለሉ ላይ አነሳችው። ሽፍታው ቆስሎ ስለነበር ይዳን አይዳን ማወቅ ነበረባት።

ቀጣዮቹ ቅጾች ኢንተርኔት ላይ ነበሩ። ከእያንዳንዱ ምዕራፍ ስር አንባቢ አስተያየት የሚሰጥበት ቦታ አለ፣ ለመጻፍ ግን መመዝገብ ያስፈልጋል። የኔ ነገር የጀመረው እዚህ ላይ ነው። እኔና ሰናይት ያልተካፈልነው ነገር አልነበረም፤ አንድ የቤተ መጻሕፍት ካርድ፣ አንድ ጃንጥላ፣ አንድ ደህና ጫማ ለሁለት ነበረን። አካውንትም አንድ ይበቃናል አልኳት።

"በማን ስም?" አለች።

"ባንቺ" አልኩ።

ለምን በኔ አላልኩም? እሑድ እሑድ ከመዘምራኑ ጋር ነጭ ለብሼ የምዘምር ልጅ ነበርኩ። ስሜ እንደዚህ ያለ ቦታ እንዲገኝ አልፈለግኩም። የሷ ቢገኝ ግን ግድ አልሰጠኝም። እሷ ደግሞ ለንደን ከገባች ጀምሮ ስንት ፎርም ሞልታለች፣ ስም የሚል ቦታ ካየች የራሷን፣ የአባቷን፣ የአያቷን ሳትጽፍ አታልፍም። እዚህም እስከ አያቷ ጻፈችው። ኢንተርኔት ላይ ሰው የፈጠራ ስም እንደሚጠቀም አውቅ ነበር። አልነገርኳትም። ከኋላዋ ቆሜ ስትጽፍ አየኋት።

ሰናይት በጠቅላላው የጻፈችው ሁለት አስተያየት ነው። አንዱ "ድብድቡ ጥሩ ነው፣ መሳሳሙ በዝቷል፣ ሁለት ኮከብ" ይላል። ሌላው ጠባቂው በዚያ ብርድ ለምን ካፖርት እንደማይደርብ ይጠይቃል። የቀረው ሁሉ የኔ ነው። በየቀኑ እጽፍ ነበር። አንባቢው ሁሉ ይከራከራል፤ አንዱ ታሪኩ ወደ ፍቅር ከገባ በኋላ ድብድቡ ቀዘቀዘ ይላል፣ አንዷ ጠባቂው ልፍስፍስ ነው ትላለች፣ ሌላው ሥዕሉ እንጂ ታሪኩ ባዶ ነው ብሎ ያሾፋል። እኔ ለሁሉም መልስ ነበረኝ። ሰው ለሌላ ሰው ብሎ ደረቱን ሲሰጥ ልፍስፍስ የሚባለው በየት አገር ነው ብዬ አንድ ገጽ ሙሉ ተሟግቻለሁ። "ሰናይት፣ አስለቀስሽኝ" ብላ የጻፈችልኝ ብራዚላዊት ነበረች። ደስ አለኝ። በሷ ስም ተመሰገንኩና ደስ አለኝ።

ለምን እንደዚያ እንደወደድኩት ታውቁ ዘንድ ልንገራችሁ፤ ማመካኛ አይደለም። ሁለቱም ወንዶች ስለሆኑ በታሪኩ ውስጥ እኔ የምቆምበት ቦታ አልነበረም። ማንም ከማንም ጋር አያወዳድረኝም፣ ማንም መቼ ነው የምታገቢው አይለኝም። ሰው ሰውን ሲወድ ዝም ብዬ ማየት ቻልኩ። በሃያ ሦስት ዓመቴ ያንን ያየሁት እዚያ ብቻ ነው።

አንድ ምዕራፍ ላይ የሽፍታው ጓደኛ፣ ራሱን ለማዳን ብሎ፣ የተደበቁበትን ቦታ ለወደቡ ሹም ይናገራል። አንባቢው ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ ፈርቶ ነው፣ ይቅር ይባል አለ። እኔ "ፈራሁ ማለት መልስ አይሆንም፣ ይሄ ሰው ይቅር ሊባል አይገባውም" ብዬ ጻፍኩ። ብዙ ሰው ወደደልኝ። ይሄን በጻፍኩ ሁለት ሳምንት ሳይሞላኝ ነው ያደረግኩትን ያደረግኩት።

አፒሉ ሊታይ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ጋሼ የሰናይትን ደብዳቤ ሊጽፉ ሳሎን ካለው ኮምፒውተራቸው ፊት ተቀመጡ። እኛ ኩሽና ሽንኩርት እየከተፍን ነበር። ጠዋት በዚያው ኮምፒውተር አስተያየት እየጻፍኩ ስልክ ጠርቶ፣ ገጹን ሳልዘጋ ተነስቼ ነበር። ትዝ አላለኝም። ፕሪንተሩ ሲሠራ ሰማን። ሰናይት ዓይኗ በሽንኩርት እያለቀሰ ሳቀች፤ "ደብዳቤዬ ነው" አለች። ፕሪንተሩ አላቆመም። "ውይ፣ ጋሼ ስንት ገጽ ነው የጻፉልኝ" አለች።

ከዚያ ጠሩን። ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድረዋቸዋል። ጋሼ ሲቆጡ አይጮሁም፣ ድምፃቸው ዝቅ ይላል።

"ይሄን የጻፈው ማነው?" አሉ።

ላይ ያለውን ወረቀት አየሁት። ሽፍታው የጠባቂውን ቁስል ስለሚያጥብበት ምዕራፍ የጻፍኩት ነበር። እንዲህ አድርጎ የሚይዘኝ ሰው ባገኝ ወንድ ይሁን ሴት ብዬ አልጠይቅም የሚል ነገር አለበት። እኔ ነኝ የጻፍኩት። እያንዳንዷን ቃል እኔ ነኝ የጻፍኩት።

ሰናይት ወደኔ ዞረች። አልጠቆመችብኝም። ጠበቀችኝ።

"ስሙ አለ አይደል፣ ጋሼ" አልኩ።

ያደረግኩት ይሄ ነው። አራት ቃል ነው። እሷ ናት አላልኩም። በዚህ ስንት ጊዜ ራሴን ለማጽናናት ሞክሬያለሁ፤ እሷ ናት አላልኩም፣ ውሸት አልተናገርኩም፣ ስሙ በርግጥ ወረቀቱ ላይ ነበረ። ይሄ ምን ዓይነት ማጽናኛ ነው? ስሙን እዚያ ያስቀመጥኩት እኔ አይደለሁም ወይ?

"ያንቺ ስም ነው?" አሏት።

"ስሙ የኔ ነው ጋሼ፣ ግን..." አለችና አቆመች። ከዚያ በኋላ ያለውን ለኔ ተወችልኝ። እጄ ሽንኩርት ይሸታል፣ እሱን በቀሚሴ እየጠረግኩ ነበር።

"እኔ ዳኛ ፊት ቆሜ፣ ይቺን ልጅ አውቃታለሁ፣ ጨዋ ልጅ ናት ልል ነበር" አሉ ጋሼ። "አላውቃትም ለካ። የማላውቀውን ሰው አልመሰክርለትም።" ወረቀቶቹን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ተነሱ።

መኝታ ክፍላችን ስንገባ ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ "ደንግጠሽ ነው አይደል?" አለችኝ።

"አዎ" አልኩ።

"ነገ ትነግሪያቸዋለሽ?"

"እነግራቸዋለሁ።"

አመነችኝ። ይሄው ነው። እሷ እንደዚያ ዓይነት ሰው ናት፣ ጓደኛዋን ታምናለች።

በማግስቱ እሑድ ነበር፣ መዝሙር ስለነበረብኝ አልተናገርኩም። ሰኞ ጋሼ ራሳቸውን አመማቸው። ማክሰኞ ምክንያት አልነበረኝም። "ነገርሻቸው?" ትለኛለች፣ "ዛሬ እነግራቸዋለሁ" እላለሁ። በሦስት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ ጠየቀችኝ። ከአራተኛው በኋላ አልጠየቀችኝም። ምን ነበር የፈራሁት? ጋሼ ለእናቴ ይደውላሉ፣ ወሬው ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል፣ ከመዘምራን እወጣለሁ፣ ሰው ሲያየኝ ይጠቋቆማል። ይሄ ብቻ ነው። እኔን ማንም ከዚህ አገር አያስወጣኝም። እኔ የማጣው መከበሬን ነው፣ እሷ የምታጣው ሁሉንም ነው። ይሄን በደንብ አውቅ ነበር። ሳላውቅ ያደረግኩት ነገር የለም።

የአፒሉ ቀን አብሬያት ሄድኩ። ዳኛዋ በአስተርጓሚ በኩል "ያየ ሰው አለ ብለሻል፣ የት ነው?" ብለው ጠየቋት። ሰናይት "አልተመቻቸውም፣ ታመው ነው" አለች። ጋሼን ለመጠበቅ ይሁን እኔን ለመጠበቅ አላውቅም። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ብነሳ ኖሮ ይሰሙኝ ነበር? አላውቅም፣ አልተነሳሁም። ውሳኔው በደብዳቤ መጣ። የሚደግፋት ማስረጃ ስለሌለ አልታመነችም።

ጋሼ ውጪ አላሏትም፣ ግን ሰላምታ ነፈጓት። እሷ ራሷ ሻንጣዋን ይዛ ወጣችና ኪልበርን አንዲት ሴትዮ ቤት ሶፋ ላይ ማደር ጀመረች። ክሮይደን እየሄደች ሪፖርት ታደርግ፣ ትፈርም ነበር። ሁለት ጊዜ በባቡር አብሬያት ሄጃለሁ። በሁለተኛው፣ ስንወርድ፣ "አሁንም እኮ ጋሼ ቢጽፉልኝ እንደ አዲስ ማስረጃ ይገባል" አለችኝ። ልመና አልነበረም፣ ሶሊሲተሩ ያላትን ነው የነገረችኝ። "እሺ" አልኩ። በሦስተኛው ብቻዋን ሄደች፣ እዚያው አስቀሯት። ከዚያ ወደ አገር ቤት ተላከች። ከአውሮፕላን ማረፊያ እንደወሰዷት ሰማሁ። ሁለት ዓመት ከምናምን ታሰረች። አባቷ የሞቱት እሷ እስር ቤት እያለች ነው፣ አልቀበረቻቸውም።

ስሰማ አላለቀስኩም። ተረኛ ስለነበርኩ ወደምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ሄድኩ፤ አሮጊት አጠብኩ፣ አንሶላ ቀየርኩ፣ መድኃኒት ሰጠሁ። ሰው ከእንዲህ ያለ ነገር በኋላ እህል ይበላል? እኔ በልቻለሁ።

ሌላም አለ። ይሄን ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። የዚያ ታሪክ የመጨረሻው ምዕራፍ ሲወጣ አነበብኩት፣ አነበብኩትና አስተያየት ጻፍኩ። በዚያው አካውንት፣ በሷ ስም፣ አምስት ኮከብ ሰጠሁት። "ሰናይት፣ የት ጠፍተሽ ነበር፣ ናፍቀሽን እኮ" ብለው ብዙ ሰዎች መለሱ። "ሥራ በዝቶብኝ ነው" አልኳቸው። እሷ ያን ጊዜ እስር ቤት ነበረች። ያን ቀን ሳሎን ውስጥ ደንግጬ ነው ብል፣ ይሄኛውን ምን ልለው ነው?

ጋሼ አርጅተው፣ ግማሽ ጎናቸውን ስትሮክ መቷቸው ያስታመምኳቸው እኔ ነኝ። አንድ ጠዋት ገንፎ እያጎረስኳቸው እጄን ያዙኝ።

"ያቺን ልጅ በድያታለሁ" አሉ።

ማንኪያው እጄ ላይ ቀረ።

"እንግሊዝኛው ያንቺ ነበር። የኮሌጅ ጽሑፍሽን ሁሉ የማርመው እኔ አይደለሁ? አንቺ ዓረፍተ ነገር ስትጀምሪ አውቅሻለሁ። ገና ሳላትመው አውቄዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን ጠየቁን፣ ጋሼ?" አልኩ።

"ያንቺ ከሆነ ከቤት ላስወጣሽ ነው፤ የእህቴ ልጅ ነሽ፣ እንዴት አድርጌ? የሷ ነው ብትይ ተገላገልኩ። አልሽ፣ ተገላገልኩ።" ያኛው የአፋቸው ጎን አይንቀሳቀስም ነበር፣ ቢሆንም ሁሉንም ጥርት አድርጌ ሰምቼዋለሁ። "ይቅር በይኝ" አሉኝ።

ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ። ቀለል አለኝ። ለካ ብቻዬን አይደለሁም አልኩ፣ ለካ እሳቸውም አሉበት። ማንኪያውን እንደያዝኩ ደስ አለኝ። ከዚያ ደግሞ "ይቅር ብያለሁ፣ ጋሼ፤ እሷም ይቅር ትልዎታለች" አልኩ። ማን ወከለኝ? ይቅርታው የማን ነበር? በሷ ስም አንድ ነገር አደረግኩ፣ እንደገና። እሳቸው ግን አምነውኝ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም።

እሳቸው ይቅርታ ጠየቁኝ እንጂ እኔ ምንም ነገር አልነገርኳቸውም፤ ይሄንንም ልብ በሉልኝ። እስከ መጨረሻው "የጻፍኩት እኔ ነኝ" የሚለው ከኔ አፍ አልወጣም። ማወቃቸው የኔን ጥፋት አይቀንሰውም። እኔ ሳሎኑ ውስጥ ስቆም እንደሚያውቁ አላወቅኩም ነበር፣ ያደረግኩት እንደማያውቁ አድርጌ ነው።

አርባቸው ከወጣ በኋላ ከሰፈር ሰው ቁጥሯን አገኘሁ። ናዝሬት ናት አሉኝ፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ከፍታለች፣ አግብታ ሁለት ልጆች ወልዳለች። ደወልኩ። ከበስተኋላ የማሽን ድምፅ ይሰማል።

"ሄሎ" አለች። ወዲያው አወቅኳት።

"ሄሎ፣ ማን ልበል?"

ጠበቀችኝ። ብዙ ጠበቀችኝ። "ይሰማል? ማን ልበል?" አለች ደግማ፣ በትሕትና፣ ደንበኛ መስያት ይሆናል። ዘጋሁት።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልላችሁም፣ ምናችሁን በደልኩና። እሷንም ገና አልጠየቅኳትም። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ እከሌ ነኝ ማለት አለበት፣ እኔ እሱን አልቻልኩም። ይሄን ሁሉ ስጽፍ እንኳ ስሜን የትም አላሰፈርኩም፤ ልብ ብላችሁ ይሆናል። የሷን ግን ጽፌዋለሁ።